ካበርኔ ሶቪኞንን ለይቶ ማወቅ፦ ከልጣጩ እስከ ብርጭቆው

ካበርኔ ሶቪኞን ለመጠጥ ከሚተከሉ የወይን ዝርያዎች ሁሉ በዓለም ላይ ሰፊውን መሬት የያዘ ነው። ዓለም አቀፉ የወይን ተክልና የወይን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መዘርዝር 340 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍን ነበር። እንዲህ በየአገሩ ስለሚገኝ ያልቀመሰው ቀይ ወይን ጠጪ የለም ማለት ይቻላል፤ ስሙን ሳያይ ለይቶ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ዋናው ምክንያት አብዛኛው ሰው ሽታውን ብቻ ይዞ ሊለየው መሞከሩ ነው። የካበርኔ ሽታ እንደ አየሩ፣ እንደ ለቀማው ጊዜና እንደ በርሜሉ ይለዋወጣል። ከቦታ ቦታ ብዙም የማይለወጠው አፍ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት ነው፦ ድድን ጨብጦ የሚይዝ ታኒን (አፍን የሚያደርቀው ንጥረ ነገር)፣ ምራቅ የሚያመጣ አሲድ፣ ጥቁር ቀለም፣ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ጣዕም። ሽታውን ተከትላችሁ ጀምሩ፤ ፍርዱን ግን ለድዳችሁ ተዉት።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ከታች የምንዘረዝራቸው ጥቂት ጠርሙሶች፣ አፋቸው ጠበብ ያለ አንድ ዓይነት የወይን ብርጭቆዎች (ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት)፣ መትፊያ ኩባያ፣ ነጭ ወረቀት፣ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር፣ አንድ አረንጓዴ ፈረንጅ ቃሪያ፣ ጥቁር ሻይ፣ ሎሚ፣ ጨውና ወተት። ሁሉንም በአንድ ምሽት ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ምላስ ይደክማል። በሦስት የተለያዩ ቀናት መክፈሉ ይሻላል።

መጀመሪያ ፍሬውን እወቁት

ብርጭቆው ውስጥ የምታገኙት ነገር ሁሉ ከፍሬው አሠራር ይነሳል። የካበርኔ ፍሬ ትንሽ፣ ክብና ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ልጣጩ ወፍራም፣ ዘሩ ደግሞ ለፍሬው መጠን ትልቅ ነው። ቀይ ወይን ቀለሙን የሚያገኘው ከልጣጩ ነው፤ ውስጡ ያለው ጭማቂ ቀለም የለውም። ታኒኑም ከልጣጩና ከዘሩ ይመጣል። ፍሬው ትንሽ በሆነ ቁጥር በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ የሚዘፈዘፈው ልጣጭና ዘር ይበዛል። ካበርኔ ጠቆር ብሎ አፍ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ወላጆቹ ካበርኔ ፍራን የተባለው ቀይና ሶቪኞን ብላን የተባለው ነጭ ዝርያ ናቸው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ ካሮል ሜሬዲትና ጆን ባወርስ ባደረጉት የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ሁለቱ ዝርያዎች በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በአንድ ማሳ ተተክለው ሳለ ማንም ሳያስበው በተፈጥሮ ተዳቅለዋል። የዘር ሐረጉን መያዝ ለቀማሽ ጥቅም አለው። በካበርኔ ውስጥ የሚገኘው የአረንጓዴ ፈረንጅ ቃሪያ ሽታ በሁለቱም ወላጆች ውስጥ አለ፤ ሶቪኞን ብላን ሲሸተት የሚያስታውሰው ያ ሣር ሣር የሚል ነገር ከዚሁ የመጣ ነው።

ሽታውን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሜቶክሲፓይራዚን ይባላል። እጅግ ጥቂቱ ይበቃዋል፦ በአንድ ሊትር ቀይ ወይን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ናኖግራም ሲገኝ አፍንጫ ይለየዋል፤ ናኖግራም ማለት የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ፍሬው እየበሰለና ብርሃን እያገኘ ሲሄድ ይቀንሳል። ስለዚህ የቃሪያ ሽታው የበረታበት ካበርኔ ቀዝቃዛ ዓመት ያሳለፈ፣ ቶሎ የተለቀመ ወይም ዘለላው በቅጠል ተሸፍኖ ያደገ ነው። ገበሬዎች በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል የሚያሳሱት አንድም ለዚህ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ዓመት ቢቀመጥም ብዙም አይጠፋም፤ "ሲቆይ ይለቀዋል" ብሎ አረንጓዴ የሆነ ወይን ገዝቶ ማስቀመጥ አያዋጣም።

ሌላው መያዝ ያለበት ነገር ካበርኔ ዘግይቶ የሚያቆጠቁጥና ዘግይቶ የሚበስል መሆኑ ነው። ዘግይቶ ማቆጥቆጡ ከጸደይ ውርጭ ያድነዋል፤ ወፍራም ልጣጩም ከመበስበስ ይጠብቀዋል። ዘግይቶ መብሰሉ ግን ያስቸግረዋል፤ ሜርሎ ከተባለው ሌላ ቀይ ዝርያ አንድ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ስለሚቀር በቀዝቃዛና እርጥብ አገር ሳይበስል የመከር ዝናብ ይደርስበታል። በጣም ሞቃት በሆነ አገር ደግሞ ስኳሩ ይቸኩልና አሲዱ ይወድቃል፤ ወይኑ የተቀቀለ ፍሬና ዘቢብ ይሸታል።

አፍና አፍንጫን ማለማመድ

ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ለዚህ ስጡት። የሚዘለል ደረጃ ይመስላል፤ ከመመሪያው ሁሉ ግን በጣም የሚያስተምረው ይሄ ነው።

ለታኒን፦ ሁለት ኩባያ ውሰዱና በእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ አንዳንድ ከረጢት ጥቁር ሻይ ጨምሩ። አንዱን በ2 ደቂቃ፣ ሁለተኛውን በ10 ደቂቃ አውጡ። ስኳር አይገባበትም። ለብ ሲል ከመጀመሪያው ተጎንጭታችሁ አፍ ውስጥ አገላብጡና ትፉ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። አሁን ምላሳችሁን በላይኛው የፊት ጥርሶችና በድዱ መካከል አንሸራትቱት። ከሁለተኛው በኋላ መንሸራተቱን ትቶ የሚይዝ፣ የሚሻክር ከሆነ ያ ስሜት ታኒን ነው። ታኒን የምራቅን ፕሮቲን እያያዘ ስለሚያረጋው ምራቁ ማለስለሱን ያቆማል። ቀጥሎ በ10 ደቂቃው ሻይ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምራችሁ ድገሙት። መሻከሩ በግልጽ ይቀንሳል፤ ታኒኑ የወተቱን ፕሮቲን ይዟልና ምራቃችሁን ይተወዋል። ወይንን ከምግብ ጋር ስናጣምር ይህችን ሙከራ እንመለስባታለን።

ለአሲድ፦ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ቅመሱ፣ ትፉ፣ አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ። ከጉንጭ ሥር ምራቅ ይመጣል። ጀማሪዎች አሲድንና ታኒንን ያምታታሉ፤ አሲድ አፍን ያረጥባል፣ ታኒን ያደርቃል። ካበርኔ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ ድድ ይደርቃል፣ ጉንጭ ደግሞ ምራቅ ያመነጫል።

ለቃሪያው ሽታ፦ ፈረንጅ ቃሪያውን በስሱ ቆርጣችሁ ሦስት ቁራጭ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ፤ በስኒ ማስቀመጫ ክደኑትና ከ10 ደቂቃ በኋላ አሽትቱ። ከዚያ ቀለል ያለ ማንኛውም ቀይ ወይን 50 ሚሊ ሊትር በሁለት ብርጭቆ ቀድታችሁ በአንዱ ላይ አንድ ስስ ቁራጭ ቃሪያ ለ5 ደቂቃ ዘፍዝፉና አውጡ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ አሽትቱ። ይህን አንዴ ያደረገ ሰው በካበርኔ ውስጥ ሽታው ስሱ ሆኖ ሲመጣ እንኳ አያመልጠውም።

የትኞቹን ጠርሙሶች መግዛት?

አንድ ጠርሙስ ብቻውን ተከፍቶ ሲጠጣ የሚያስተምረው ጥቂት ነው። ጎን ለጎን የተቀዱ ሁለት ወይኖች ልዩነታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ዋናው ነገር ጥንዶቹን በአንድ ነገር ብቻ እንዲለያዩ አድርጎ መምረጥ ነው።

የመጀመሪያው ጥንድ ካበርኔና ሜርሎ ይሁን፤ ሁለቱም የአንድ አምራች፣ የአንድ አካባቢ፣ የአንድ ለቀማ ዓመትና በዋጋ የተቀራረቡ። ቺሊ ለዚህ ትመቻለች፤ አብዛኞቹ አምራቾች ሁለቱንም ለየብቻ ጠርሙስ ላይ ስሙን ጽፈው ያወጣሉ። አገሩም፣ ሠሪውም፣ ዓመቱም አንድ ስለሆነ የቀረው ልዩነት በአብዛኛው የዝርያው ነው።

ሁለተኛው ጥንድ ቀዝቀዝ ካለና ሞቅ ካለ አካባቢ የመጡ ሁለት ካበርኔዎች ናቸው። ለምሳሌ አንዱ ከፈረንሳዩ ቦርዶ ሜዶክ፣ ሌላው ከካሊፎርኒያ ናፓ ሸለቆ። የለቀማ ዓመታቸው ቢቻል በሁለት ዓመት ውስጥ ይሁን።

ሦስተኛው ጥንድ ካበርኔና ሲራ (ሺራዝ) ነው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ከባድ ስለሆኑ ብዙ ሰው የሚስታቸው እነዚህን ነው። ሲራ ቁንዶ በርበሬና የተጠበሰ ሥጋ የሚያስታውስ ሽታ ያመጣል፤ ታኒኑም ከካበርኔ ይልቅ ይለሰልሳል።

በጣም ርካሹን አትግዙ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ስኳር ይተውበትና ኦክ የተባለው የበርሜል እንጨት ቁርጥራጭ ይዘፈዘፍበታል፤ የዝርያው ጠባይ በዚያ ይሸፈናል። በጣም ውድ የሆነውም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ወጣት ሳለ ታኒኑ በርትቶ ሌላውን ነገር ያፍነዋል። መካከለኛውን፣ ከተለቀመ ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆነውን ፈልጉ።

የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ

ጠርሙስ ላይ "ካበርኔ ሶቪኞን" ተጽፎ ስላያችሁ ውስጡ ያለው ሁሉ ካበርኔ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ 75 ከመቶ ከሆነ ስሙን መጻፍ ይቻላል፤ በአውሮፓ ኅብረት፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ 85 ከመቶ ያስፈልጋል። የቀረው ሜርሎ፣ ካበርኔ ፍራን፣ ፔቲ ቬርዶ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ማታለል አይደለም። ካበርኔ ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ሲጀምርና ሲጨርስ ይበረታል፣ መካከሉ ላይ ግን ይሳሳል፤ ሜርሎ የሚጨመረው ያን ክፍተት በሥጋው እንዲሞላ ነው። ለመጀመሪያው ጥንዳችሁ ግን ጀርባው ላይ መቶኛው የተጻፈበትን፣ 95 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ብታገኙ ይመረጣል።

የቦርዶ ጠርሙሶች በአብዛኛው የዝርያውን ስም አይጽፉም፤ ቦታውን ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ቦታውን ማወቅ ግድ ይላል። ከዢሮንድ ወንዝ በስተ ግራ ያሉት ሜዶክ፣ ኦ-ሜዶክ፣ ፖያክ፣ ሳን ጁልየን፣ ማርጎና ሳን ኤስቴፍ ካበርኔ የሚበዛባቸው ናቸው። አፈሩ ጠጠር ነው፤ ጠጠር ውሃ አይዝም፣ ቀን ያገኘውንም ሙቀት ይይዛል፣ ይህም ዘግይቶ ለሚበስለው ካበርኔ የግድ ያስፈልገዋል። በስተ ቀኝ ያሉት ሳን ኤሚልዮንና ፖምሮል ቀዝቀዝ ያለ ሸክላና የኖራ ድንጋይ አፈር ስለሚበዛባቸው የሜርሎና የካበርኔ ፍራን አገር ናቸው። "ቦርዶ" ብቻ ወይም "ቦርዶ ሱፔሪየር" የሚል ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ሜርሎ የሚበዛበት ነው። ካበርኔ ፈልጎ እሱን የገዛ ሰው ለስላሳ ወይን ቀምሶ "ካበርኔ እንዲህ ነው" ብሎ ይቀራል።

"ሪዘርቭ" የሚለው ቃል በአሜሪካ ሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም፤ አትመኩበት። የአልኮል መጠኑን ግን ተመልከቱ፤ ብዙ ይነግራል። 13 ከመቶ ገደማ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ አካባቢ ወይም ዓመት፣ 14.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፀሐይ የበዛበት፣ በጣም በስሎ የተለቀመ ፍሬ ጠብቁ።

ሙቀትና አከፋፈት

ካበርኔ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ይቀመሳል። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት" የሚለው አባባል የዛሬውን ሞቃት ቤት አይመለከትም። በ24 ዲግሪ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል፣ ፍሬው ማርማላት ማርማላት ይላል። በ10 ዲግሪ ደግሞ ሽታው ይዘጋል፣ ታኒኑ ይሻክራል፣ መራራው ይወጣል። ከ24 ወደ 18 ለማውረድ ፍሪጅ ውስጥ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ባልዲ ደግሞ 8 ደቂቃ ያህል ይበቃል። መጀመሪያ የተቀዳውን ብርጭቆ በቴርሞሜትር ለኩት። ብርጭቆ ውስጥ ከገባ በኋላ በራሱ ስለሚሞቅ 16 ላይ መጀመሩ የተሻለ ነው። ጥንዶቹን የግድ በእኩል ሙቀት አቅርቡ፤ የ4 ዲግሪ ልዩነት አንዱን ወይን ሌላ ዝርያ ሊያስመስለው ይችላል።

ቡሹን ነቅሎ ጠርሙሱን እንዲሁ አቁሞ መተው ወይኑን "ያስተነፍሰዋል" የሚለው እምነት ሥራ ላይ አይታይም። የጠርሙሱ አንገት ውስጡ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ አየር የሚነካው የወይን ገጽ ከሳንቲም አይበልጥም። አየር እንዲያገኝ ከፈለጋችሁ ሆዱ ሰፊ ወደሆነ ዲካንተር ወይም ንጹሕ የመስተዋት ጆግ ገልብጡት። ወጣትና ከባድ ታኒን ያለው ካበርኔ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈልጋል። ቀለል ያለው ተከፍቶ ወዲያው ቢጠጣ አይከፋም። ከ15 ዓመት በላይ የቆየ ጠርሙስ ግን ሌላ አያያዝ አለው፦ ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ሥሩ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ አንገቱ በስተኋላ መብራት አድርጋችሁ ሳታቋርጡ በቀስታ ገልብጡ፤ ጥቁር ክር የመሰለ አተላ አንገቱ ላይ ሲደርስ አቁሙ። ወዲያው ጠጡት፤ አርጅቶ የሳሳ ሽታ አየር ላይ ቶሎ ይበናል።

አቀማመሱ

በእያንዳንዱ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ቅዱ። ለማሽከርከር ቦታ መኖር አለበት፤ ከሲሶው በላይ የተሞላ ብርጭቆ አይሸተትም። 14 ከመቶ አልኮል ያለው 50 ሚሊ ሊትር ወይን 5.5 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ስድስት ብርጭቆ ቀምሶ የዋጠ ሰው 33 ግራም ወስዷል፤ ከአራተኛው በኋላ የሚሰጠው አስተያየት አይታመንም። ትፉ።

በመጀመሪያ ዓይን። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሉት። ወጣት ካበርኔ መሐሉ ጥቁር፣ ጠርዙ ሐምራዊ ነው፤ በብርጭቆው በኩል ጽሑፍ ለማንበብ ያስቸግራል። እየቆየ ሲሄድ ጠርዙ መጀመሪያ ወደ ቀይ፣ ቀጥሎ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። የ4 ዓመት ወይን ጡብ መስሎ ካገኛችሁት አቀማመጡን ተጠራጠሩ። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርደው እንባ ደግሞ የአልኮል ነገር ነው፤ ጥራትን አያሳይም።

ከዚያ አፍንጫ፣ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ሳታንቀሳቅሱ አሽትቱ፤ ጉድለት ካለ በዚህ ይገኛል። ቀጥሎ ሦስት አራት ጊዜ አሽከርክራችሁ አሽትቱ። ያገኛችሁትን በሦስት ረድፍ ከፍላችሁ ጻፉ፦ ከፍሬው የመጣ፣ ከበርሜሉ የመጣ፣ ከዕድሜ የመጣ። ይህ አከፋፈል ብዙ ስሕተት ያስቀራል። ከፍሬው የሚመጡት ካሲስ (ብላክካራንት የሚባለው ትንሽ ጥቁር ፍሬ)፣ ጥቁር እንጆሪ፣ ፕሪም፣ አረንጓዴ ቃሪያ፣ አንዳንዴም ናና ናቸው። ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ቅርንፉድ፣ የተጠበሰ ቡና፣ ጭስ ከኦክ በርሜል ይመጣሉ፤ የተቀረጸ እርሳስና ዝግባ የሚያስታውሰው ሽታም በአብዛኛው እንዲሁ። ቦርዶ የሚጠቀምበት በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ አዲስ ከሆነ ብዙ ይሰጣል፣ ሦስት አራት ጊዜ ከተሞላ በኋላ የሚሰጠው እምብዛም ነው። የአሜሪካ ኦክ ኮኮናትና ቫኒላውን ያጎላል፣ የፈረንሳዩ ቀጠን ያለ ቅመም ያመጣል። ጀማሪ ቀማሽ ቫኒላ በሸተተው ቁጥር "ካበርኔ" የሚለው ናፓ ካበርኔ ከአዲስ በርሜል ተለይቶ ስለማይመጣለት ነው፤ ያንኑ በርሜል ሜርሎም ሲራም ይገቡበታል። ትምባሆ፣ ቆዳ፣ ደረቅ ቅጠልና እርጥብ የጫካ አፈር የዕድሜ ናቸው።

በመጨረሻ አፍ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ተጎንጩ፤ ጥቂት አየር ሳቡበትና ለ10 ሰከንድ አፍ ውስጥ አዙሩት። አሁን በሻዩ የለመዳችሁትን አድርጉ፦ ምላሳችሁን በላይኛው ድድ ላይ አንሸራትቱ። የካበርኔ ታኒን ቦታ አለው፤ ከሁሉ በላይ የፊት ድድንና የጉንጭን ውስጥ ይይዛል፤ ከተፋችሁም በኋላ ይቆያል። የሜርሎ ታኒን ምላስ መሐል ላይ ለስለስ ብሎ ቶሎ ይለቃል። ከተፋችሁ ጀምሮ የፍሬው ጣዕም ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ታኒኑ ቀርቶ ፍሬው ከጠፋ ወይኑ ሚዛን የለውም ወይም ገና ለመጠጣት አልደረሰም።

ሜዶክንና ናፓን ጎን ለጎን ስታደርጉ ልዩነቱ ይህን ይመስላል። ሜዶኩ ቀጠን ያለ ነው፤ ካሲሱ ገና ያልላላ፣ ከእርሳስ ሽታና ከስስ የቃሪያ ጠረን ጋር፣ አሲዱ ከፍ ያለ፣ ታኒኑ የሚቆረቁር። ናፓው ሞላ ያለ፣ ፍሬው ጥቁርና የበሰለ፣ ከአልኮሉ የተነሳ ጣፋጭ የሚመስል፤ ታኒኑ ብዛቱ አያንስም፣ ግን ስለበሰለ ይለሰልሳል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1976 እንግሊዛዊው የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ፓሪስ ላይ ባዘጋጀው ስም ሳይታይ የተደረገ ቅምሻ፣ ፈረንሳውያን ዳኞች ከቀይ ወይኖቹ አንደኛ ያደረጉት ስታግስ ሊፕ ዋይን ሴላርስ የተባለውን የ1973 የናፓ ካበርኔ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የቦርዶዎቹ ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ እና ሻቶ ኦ-ብሪዮን ነበሩ።

ሌሎቹን አገሮች በአጭሩ፦ የቺሊ ማይፖ ካሲሱ ግልጽ፣ ከጀርባው ጥቂት ናና ወይም ቃሪያ ያለበት ነው። የአውስትራሊያው ኩናዋራ በኖራ ድንጋይ ላይ ባረፈ ቀይ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ባሕር ዛፍ ሲሸት በአብዛኛው ከማሳው አጠገብ ከቆሙት ዛፎች የመጣ ነው። የዚያው አገር ማርጋሬት ሪቨር የውቅያኖስ አየር ስለሚያገኘው ይቀጥናል። የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ በቦርዶና በካሊፎርኒያ መካከል ይቆማል። በጣሊያን ቦልጌሪ አካባቢ ያለው ካበርኔ አሲዱ ሕያው ነው፤ ስሙ የገነነው የአካባቢው ወይን ሳሲካያ ለገበያ የቀረበው ከ1968 ለቀማ ጀምሮ ነው።

ራስን መፈተን

ሁለት ሦስት ጊዜ ጥንዶቹን ከቀመሳችሁ በኋላ በእርግጥ መለየታችሁን አረጋግጡ። ሌላ ሰው እናንተ ሳታዩ በሦስት ብርጭቆ ይቅዳ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ወይን፣ ሦስተኛው የተለየ። ሥራችሁ የተለየውን ማግኘት ነው። ለእያንዳንዱ ብርጭቆ 25 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ አምስት ዙር ማለት 375 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለቱ ጠርሙሶች የተወሰደ ግማሽ ጠርሙስ ያህል ማለት ነው። በየዙሩ በግምት ብቻ የማግኘት ዕድል አንድ ሦስተኛ ስለሆነ አንድ ጊዜ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም። ከአምስቱ አራቱን ወይም አምስቱንም ካገኛችሁ ግን በዕድል የመሆኑ ነገር ከመቶ 5 አይሞላም።

ቀጂው ሦስት ነገር ይጠንቀቅ። ብርጭቆዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። የቀለም ልዩነት ካለ መብራቱ ይደብዝዝ። የተለየው ሁልጊዜ መሐል ላይ እንዳይቀመጥ ቅደም ተከተሉን በዳይስ ይወስን። ካልተሳካላችሁ ደግሞ ለሽታው ሳትጨነቁ፣ አፍንጫችሁን ይዛችሁ፣ ታኒኑን ብቻ ተከትላችሁ አንድ ዙር ሞክሩ። ካበርኔና ሜርሎን በዚህ መንገድ መለየት ለብዙ ሰው ይቀላል።

ከምግብ ጋር

የወተትና የሻዩ ሙከራ እዚህ ላይ ይሠራል። ሥጋና ቆየት ያለ አይብ ፕሮቲንና ስብ ስላላቸው የካበርኔን ታኒን ያለዝቡታል። ጨው ደግሞ መራራነትን ይሸፍናል። አንድ ጉንጭ ወይን፣ ቀጥሎ ጥቂት ጨው ምላስ ላይ፣ ቀጥሎ ያንኑ ወይን ቅመሱ፤ የለሰለሰ መስሎ ታገኙታላችሁ። የተጠበሰ ሥጋ፣ እንጉዳይና ጠንካራ አይብ ከካበርኔ ጋር የሚስማሙት ለዚህ ነው።

የማይስማማውም ግልጽ ነው። ዘይት የበዛበት ዓሣ ከቀይ ወይን ጋር አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። የሚያቃጥል ምግብ ከ14.5 ከመቶ አልኮልና ከታኒን ጋር ሲገናኝ ይብስበታል። ጣፋጭ ነገር ደግሞ ወይኑን መራራና ኮምጣጣ ያደርገዋል፤ ካበርኔ ከቸኮሌት ጋር ይሄዳል ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ጣፋጭ ቸኮሌት ግን ወይኑን ያበላሸዋል። በጣም ጥቁርና ስኳሩ ጥቂት ካልሆነ አትሞክሩት።

ጉድለቶችና አቀማመጥ

ወይኑ ካላማራችሁ ዝርያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ጠርሙሱ ጤነኛ መሆኑን እዩ። ውሃ የነካው ካርቶን ወይም ሻጋታ የሸተተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ ተበክሏል፤ አየር አያስለቅቀውም፣ ፍሬውንም ይገድለዋል። ወደ ሻጩ መልሱት። አቼቶ ወይም አሴቶን ከሸተተ ባክቴሪያ ሠርቶበታል። የበሰበሰ እንቁላል ወይም የተለኮሰ ክብሪት ሽታ ግን ኦክስጅን በማጣት የሚመጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዲካንተር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ይለቃል። የበረት ወይም የቁስል ፕላስተር ሽታ ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ሥራ ነው፤ ጥቂቱን የሚወዱ አሉ፣ ሲበዛ ግን ካሲሱን ይውጠዋል። ቡሹ ወደ ላይ የተገፋ፣ ወይኑም በጎኑ የፈሰሰ ጠርሙስ ሙቀት አግኝቶታል፤ አትግዙት።

ለማስቀመጥ ጨለማ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የማይዋዥቅ ሙቀትና 70 ከመቶ ገደማ እርጥበት ያስፈልጋል፤ ቡሽ ያለው ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ ይጋደማል። ከቁጥሩ ይልቅ መዋዠቁ ይጎዳል፤ ቀን 28 ማታ 16 የሚሆን ቁም ሣጥን ሁልጊዜ 18 ከሆነ ቦታ ይከፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌላችሁ ካበርኔ ለዓመታት አታከማቹ። ታኒኑና አሲዱ በደንብ የተሠራን ካበርኔ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያቆዩታል፤ ገበያ ላይ የሚበዛው መካከለኛ ወይን ግን ከተለቀመ ከ3 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲጠጣ የተሠራ ነው።

ከቅምሻው የተረፈውን ወዲያው ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጣችሁ እስከ አፉ ሙሉት፤ ክደኑና ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ግማሽ ጎደሎ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አየር ነው የሚያበላሸው። እንዲህ የተያዘ ወጣት ካበርኔ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ከመጠጣታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ከ4 ዲግሪ ተነስቶ ወደ 16 መድረስ አለበት።